የይቅርታው ቁልፍ በከሳሹ ኪስ

በአምቦና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች አንድ ሰው በፖለቲካ ጉዳይ ሲታሰር ሕዝቡ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «መቼ ይፈታል?» በጉደር ገበያ ቢሆን፣ በጊንጪ ሻይ ቤት ቢሆን፣ በጌዶ መናኸሪያ ቢሆን «ምን ተፈረደበት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ዐቃቤ ሕግ ምን ማስረጃ አቀረበ፣ ዳኛው ምን በየነ የሚለው ነገር የማንንም ጆሮ አይስብም። ይህ የሆነው ሕዝቡ ለፍትሕ ደንታ ስለሌለው አይደለም። እንዲያውም የምዕራብ ሸዋ ሰው ሙግት ይወዳል፤ ለአንድ ክንድ ድንበር እስከ ሰበር ችሎት የሚጓዝ ገበሬ ያለበት አገር ነው። ነገር ግን የፖለቲከኛ ክስ በችሎት እንደማያልቅ ከረጅም ዘመን ልምድ ተምሯል። የሚያልቀው ሌላ ቦታ ነው፤ የሚያበቃበትንም ቀን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው።

እኔ ዛሬ ልከራከርበት የተነሣሁት ስለዚያ ሌላ ሰው ነው። የመክሰሱም የመማሩም ሥልጣን በአንድ የፖለቲካ እጅ ውስጥ እስካለ ድረስ የፖለቲከኞች ክስ እውነትን ለማውጣት የሚቀርብ ክስ ሊሆን አይችልም። ለድርድር የሚዘጋጅ መያዣ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። አንድ የፖለቲካ እስረኛ ፍርድ ቤት ነጻ ሳያወጣው ከእስር የሚወጣባቸው ሦስት በሮች አሉ። አንደኛው ይቅርታ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 ንኡስ አንቀጽ 7 ይቅርታ የማድረግን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ይሰጣል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 229 እንደሚለው ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀልላል እንጂ ጥፋተኛ የተባለበትን ፍርድ ከመዝገብ አይፍቅም። ሁለተኛው ምሕረት ነው፤ ይህ በሕግ አውጪው የሚሰጥ ሲሆን ወንጀሉን ራሱን እንዳልተፈጸመ ያስቆጥራል። ሦስተኛውና ሰው ልብ የማይለው በር ክስ ማቋረጥ ነው። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 122 ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ክስ እንዲነሣ ይፈቅዳል፤ በዚያው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ደግሞ ክሱ መነሣቱ ሰውየውን እንደገና ከመክሰስ እንደማያግድ ይናገራል። ይህችን ዐረፍተ ነገር አንባቢ ያስታውስልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ፕሬዚዳንቱ ይቅርታን የሚያደርጉት የይቅርታ ቦርድ አጣርቶ ሲያቀርብላቸው ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ ማነው? በአዋጅ ቁጥር 395/1996 የፍትሕ ሚኒስትሩ ነው። ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 840/2006ም ሰብሳቢውን አልለወጠም። ዐቃብያነ ሕግ የሚታዘዙትስ ለማን ነው? ለዚሁ ሚኒስትር። በ2008 ዓ.ም የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 943 ሲቋቋም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ክስ የማንሣት ሥልጣን ተሰጠው፤ ጉዳዩ ከፍ ያለ አገራዊ ጥቅም የሚነካ ሲሆን ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩን እንዲያማክር ተደነገገ። በ2014 ዓ.ም ስሙ ተመልሶ ፍትሕ ሚኒስቴር ሆነ፤ ሥልጣኑም አብሮት ሄደ። እንግዲህ የሚከስሰው፣ ክሱን የሚያነሣው፣ ከተፈረደ በኋላም ይቅርታ ይገባዋል አይገባውም የሚለው አንድ ቤት ነው። ዳኛው በመሐል የቆመ እንግዳ ይመስላል።

የዚህን አሠራር ፍሬ በግልጽ ያየነው በ1999 ዓ.ም ነበር። ከግንቦት 1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች ሰኔ 4 ቀን 1999 ዓ.ም ጥፋተኞች ተባሉ። ሰኔ 15 ቀን በእነ ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ ሽምግልና አማካይነት የይቅርታ ደብዳቤ ተፈረመ። ሐምሌ 2 ቀን ዐቃቤ ሕግ የሞት ቅጣት ይወሰንባቸው ብሎ ጠየቀ። ሐምሌ 9 ቀን ፍርድ ቤቱ ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ሐምሌ 13 ቀን 38ቱ በይቅርታ ተለቀቁ። ቀኖቹን ደግማችሁ አንብቧቸው። ዐቃቤ ሕጉ «ይሙቱ» ብሎ ችሎት ፊት ሲቆም ደብዳቤው ከተፈረመ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የዕድሜ ልኩ ፍርድ ዕድሜ አራት ቀን ሆነ። ለመሆኑ የሞት ጥያቄው ለማን ነበር የቀረበው? ለዳኞቹ ነው የሚለኝ ቢኖር አላምነውም። ይቅርታው የከበደ ችሮታ ሆኖ እንዲታይ ቅጣቱ አስቀድሞ መክበድ ነበረበት። ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ ዋጋው ቀድሞ ካልተሰቀለ ቅናሹ አይታይም።

በዚያው መዝገብ ሁለት ሰዎች ለየት ብለው ነበር። ዳንኤል በቀለና ነጻነት ደምሴ ደብዳቤውን አንፈርምም፣ እንከራከራለን አሉ። መከላከያቸውን አሰሙ፤ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም በቀለለ ወንጀል ጥፋተኛ ተብለው ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደባቸው፤ የወጡትም በመጋቢት 2000 ዓ.ም ነው፣ በመጨረሻ እነርሱም በይቅርታ። የሞት ቅጣት የተጠየቀባቸውና ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው በሐምሌ ቤታቸው ሲገቡ፣ ሕግን አምነው የተሟገቱት ስምንት ወር ያህል ተጨማሪ ታሰሩ። ከዚህ የበለጠ ለተከሳሽ የሚሰጥ ትምህርት የት ይገኛል? በዚህ አገር መከራከር ያስቀጣል፤ መፈረም ያስፈታል።

የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ታሪክ ደግሞ ቁልፉ ሁለቱንም አቅጣጫ እንደሚዞር አሳየን። በ1999 ዓ.ም ይቅርታ ከተደረገላቸው አንዷ ነበሩ። በ2001 ዓ.ም መጀመሪያ በስዊድን አገር፣ ይቅርታው በሽማግሌዎች ሽምግልና የተገኘ ስምምነት እንደነበር ተናገሩ። የተናገሩት ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ነበር። መንግሥት ግን ቃላቸውን እንዲያጥፉ ጠየቃቸው፤ እምቢ አሉ፤ በታኅሣሥ ወር ይቅርታው ተሽሮ ወደ ዕድሜ ልክ እስራታቸው ተመለሱ። አዲስ ወንጀል አልሠሩም፣ አዲስ ክስ አልቀረበባቸውም፣ የቆሙበት ችሎትም አልነበረም። አንድ ንግግር በቂ ሆነ። የግንቦት 2002ቱ ምርጫ እርሳቸው እስር ቤት ሳሉ ተካሂዶ ገዢው ግንባር ከአጋሮቹ ጋር ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ወሰደ፤ መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም፣ አዲሱ መንግሥት በተመሠረተ ማግስት፣ ዳግመኛ ይቅርታ ተደርጎላቸው ወጡ። እኚህ ሴት ዳኛ በነበሩበት ዘመን የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ ይውጡ ብለው የወሰኑ፣ ሰውየውም ወዲያው ተይዘው ሲመለሱ ያዩ መሆናቸውን ስናስብ ነገሩ ይብሳል። በችሎት ወንበር ተቀምጠውም፣ በተከሳሽ ሳጥን ቆመውም ያገኙት አንድ ዓይነት እጅ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ መከራከሪያ አለ፤ ንቄ የማልፈው አይደለም። «ይቅርታ ባህላችን ነው፤ ሽማግሌ ገብቶ ማስታረቁ ከፈረንጅ ችሎት ይሻላል» ይሉናል። ይሁን። ታዲያ በእኛ አካባቢ ያለውን የጉማ ሥርዓት እንጠይቀው። ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ በዳይ በደሉን በአደባባይ ያምናል፤ የተበደለው ወገን ካሳ ይቀበላል፤ ቀጥሎ እርቁ ይፈጸማል። ሽማግሌው የማንኛውም ወገን አሽከር አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይቅርታውን የሚያደርገው የተበደለው ነው። የመንግሥታችን ይቅርታ ይህን ሥርዓት ገልብጦ ያዘው። «በደልሁ» ብሎ የሚፈርመው ሁልጊዜ የታሰረው ነው፤ ይቅር ባዩ ሁልጊዜ አሳሪው ነው፤ በምርጫው ማግስት በጥይት ለሞቱት ልጆች ካሳ ሲከፈል በዚያ ድርድር አላየንም። ባህልን ለመጥራት ባህሉን ማክበር ይቀድማል።

ወደ ምዕራብ ሸዋ እንመለስ። ከኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም ጀምሮ ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ አገሪቱን አዳርሶ ሳለ፣ የቶኬ ኩታዬው ተወላጅ ፕሮፌሰር መረራ ጉዲና በጥቅምት 2009 ዓ.ም መጨረሻ ብራስልስ ላይ ለአውሮፓ ፓርላማ ስለ ሁኔታው ተናገሩ። በዚያ መድረክ ሪዮ ላይ እጁን አጣምሮ የገባው የጀልዱው ልጅ ፈይሳ ሌሊሳና ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ነበሩ። መረራ በተመለሱ ጊዜ ኅዳር 21 ቀን ታሰሩ። ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን ለመናድ በመንቀሳቀስ ሲከሰሱ በዚያው መዝገብ ዶክተር ብርሃኑና አቶ ጃዋር መሐመድ በሌሉበት አብረው ተከሰሱ። ከአንድ ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ፣ በጥር 2010 ዓ.ም ክሳቸው ይቋረጣል ከተባሉት 528 ሰዎች አንዱ ሆነው ጥር 9 ቀን ወጡ፤ ቡራዩ ላይ የወጣውን ሕዝብ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል።

እኔም በዚያ ቀን ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ነገር ግን ደስታው ሲበርድ አንድ ተማሪዬ ክፍል ውስጥ የጠየቀኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። «መምህር፣ ተፈታ ማለትና ነጻ ወጣ ማለት አንድ ነው?» አለኝ። አንድ አይደለም። ነጻ የሚያወጣ ፍርድ ቤት ነው፤ «ይህ ሰው ይህን አላደረገም፣ መንግሥት ያላግባብ ከስሶታል» ማለት ነው። ነጻ የወጣ ሰው ያላግባብ ስለታሰረበት ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከሳሹ ያፍራል፤ የሐሰት ምስክሩ ይጋለጣል፤ የሚቀጥለው ዐቃቤ ሕግ ተመሳሳይ ክስ ሲጽፍ እጁ ይንቀጠቀጣል። የተፈታ ሰው ግን የሚጠይቀው የለውም። መንግሥት ማስረጃ አለኝ ብሎ አንድ ዓመት ካሰረ በኋላ ማስረጃው ምን እንደነበር ለማንም ሳይናገር መዝገቡን ይዘጋዋል። ቅድም ያስታውሱልኝ ያልኋት ዐረፍተ ነገርም አለች፤ የተቋረጠ ክስ የሞተ ክስ አይደለም።

የአቶ በቀለ ገርባ ጉዳይ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። ከታኅሣሥ 2008 ዓ.ም ጀምሮ ታስረው የሽብር ክሳቸው በፍርድ ቤት ወደ ቀለለ ወንጀል ተለወጠ፤ ጥቅምት 20 ቀን 2010 ዓ.ም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ30,000 ብር ዋስ ይውጡ አለ። አልወጡም። ከመከላከያ ምስክሮቻቸው መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ይገኙበት ነበር፤ እርሳቸውም ቀርበው አልመሰከሩም። ከየካቲት 5 ቀን ጀምሮ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፤ በማግስቱ የካቲት 6 ቀን አቶ በቀለ ተፈቱ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሦስት ወር ያላደረገውን አድማ በሁለት ቀን አደረገው። ከዚያ ወዲያ ለአምቦ ወጣት ሄደህ «በሕግ አምላክ» ብትለው ምን ብሎ ይመልስልሃል? መንግሥት ራሱ ነው የፍርድ ቤትን ወረቀት አቅልሎ የመንገድ ድንጋይን ያከበደው። የድንጋዩን ዋጋ ደግሞ ማን እንደከፈለ በየቀበሌው ይታወቃል።

በዚያው ሰሞን እስክንድር ነጋና አንዱዓለም አራጌ የግንቦት ሰባት አባል ነበርሁ የሚል ቅጽ ፈርማችሁ ውጡ ተባሉ፤ እምቢ አሉ፤ ሳይፈርሙም የካቲት 7 ቀን ወጡ። ለእኔ ከዚያ ዘመን የይቅርታ ታሪክ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ እምቢታ ነው።

ከዚያ ለውጥ መጣ ተባለ። በእርግጥም በሐምሌ 2010 ዓ.ም ምክር ቤቱ የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096ን አወጣ (የጸደቀበት ዕለት ሐምሌ 13 ነው፤ የቅንጅት መሪዎች ከወጡ ልክ በ11ኛ ዓመቱ፤ አጋጣሚ ይሁን)። ይህ ከሦስቱ በሮች የተሻለው ነበር፤ በሕግ አውጪው፣ በግልጽ፣ ለሁሉም በእኩል የተከፈተ፣ የጊዜ ገደብ ያለው። ልማድ ግን ከአዋጅ ይበረታል።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም አምቦ ልጇን አጣች። ሃጫሉ ሁንዴሳ በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት በአምቦ እስር ቤት የቆየ፣ የመጀመሪያ አልበሙን ዜማዎች እዚያው የሠራ ሰው ነበር። በማግስቱ በአስከሬኑ ጉዞ ላይ በተነሣው ግርግር የፖሊስ ባልደረባ ሞተ፤ ጃዋርና በቀለ ከብዙ ሰዎች ጋር ታሰሩ፤ በሽብርና በሌሎች ከባድ ወንጀሎች ተከሰሱ። ክሱ እውነት ነበረ ወይስ ሐሰት? ያን ቀን ማን ምን አዘዘ? ይህን ለማወቅ ከማንም በላይ መብት ያለው የአምቦ ሕዝብ ነበር። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም፣ በገና ዕለት፣ ለአገራዊ ምክክሩ ስኬት ሲባል ክሱ ተቋረጠ ተባለ። በዚያው መግለጫ እስክንድር ነጋም ወጡ፤ በዕድሜና በጤና ምክንያት ደግሞ አቶ ስብሐት ነጋ ወጡ። በማንም መፈታት አልከፋሁም። ነገር ግን የተከሳሾቹ ንጽሕናም፣ የሟቹ ፖሊስ ቤተሰብ ጥያቄም፣ የሃጫሉ ዘመዶች ጥርጣሬም በአንድ መግለጫ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ወጣ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ እንዲሉ፣ አምቦ አልረሳችም። ፍርድ ያላገኘ ነገር በወሬ ይፈረዳል፤ ዛሬ በከተማችን በዚያ ቀን ጉዳይ ላይ አምስት ሰው ብትጠይቁ አምስት ዓይነት ፍርድ ትሰማላችሁ።

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ፎርድ በ1974 እ.ኤ.አ. ኒክሰንን ገና ሳይከሰስ ይቅር ብሎታል፤ ትራምፕም በጥር 2025 እ.ኤ.አ. በገባበት ዕለት በምክር ቤቱ ሕንጻ ረብሻ ለተከሰሱ 1,500 ያህል ሰዎች ይቅርታና መሰል ውሳኔ ሰጥቷል። ደቡብ ኮሪያ ግን ለየት ያለ ነገር አላት። ሁለቱ የቀድሞ መሪዎቿ ቹን ዱ ሁዋንና ሮ ቴ ዉ በታኅሣሥ 1997 እ.ኤ.አ. ይቅርታ ሲያገኙ ይቅርታው ፖለቲካዊ እንደነበር የካደ የለም። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሚያዝያ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጽንቶ፣ ምን እንዳደረጉ በመዝገብ ተጽፎ አልቆ ነበር። ሰዎቹ ወጡ፤ እውነቱ ቀረ። በእኛ አገር ሰዎቹም ወጡ፤ እውነቱም አብሯቸው ወጣ።

ስማቸው ያልታወቀው ደግሞ አሉ። መረራን ቡራዩ ተቀበላቸው፤ ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከባኮ በጅምላ ተጭኖ ወታደራዊ ካምፕ የከረመውን ልጅ ግን ማን ተቀበለው? የይቅርታ ቦርድ አላወቀውም፣ ምክንያቱም አልተፈረደበትም። ክሱ አልተቋረጠለትም፣ ምክንያቱም አልተከሰሰም። ስመ ጥር ከሆኑትም መካከል ቁልፍ ያዡ የረሳቸው አሉ፤ በ2012 ዓ.ም የታሰሩት የኦነግ አመራሮች ፍርድ ቤት ልቀቋቸው ካለ በኋላ እንኳ ዓመታት ቆይተው የተለቀቁት በ2016 ዓ.ም ማብቂያ ነው። የሚደራደርበት ያጣ እስረኛ ፍርድ ቤትም አላዳነውም።

አሁን የምናገረው ወዳጆቼን ሊያስቀይም ይችላል። ተቃዋሚ ፓርቲዎቻችን ለሃያ ዓመት የጮኹት «ይፈቱ!» ብለው ነው። መግለጫቸውን ብታገላብጡ «ክሱ በአስቸኳይ ይሰማ፣ ምስክሩ ይቅረብ፣ ዳኛው ይፍረድ» የሚል እምብዛም አታገኙም። ድርድር ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የእስረኛ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ሲመለስ ድርድሩ ሰመረ ይባላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዝርዝር ይሞላል። ገዢው ወገን የሚከፍለው አንዳች ነገር የለም፤ ራሱ የወሰደውን ነው የሚመልሰው። «ይፈቱ» ባልን ቁጥር ቁልፉ የማን እንደሆነ እየመሰከርንለት ነው። ትናንት በዚያ መዝገብ በሌሉበት የተከሰሱት ዶክተር ብርሃኑ፣ በ2002 ዓ.ም ሞት የተፈረደባቸውም ሰው፣ በ2014 ዓ.ም የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። እርሳቸውም ሆኑ ከእርሳቸው ጋር ወደ ሥልጣን የቀረቡ የትናንት እስረኞች የይቅርታ ቦርዱን ሰብሳቢ እንለውጥ ብለው ሲታገሉ አላየሁም። በሬ ካራጁ ይውላል የሚሉት ይህ ይሆን?

ጥያቄው ዛሬ አጣዳፊ የሆነው በሌላ ምክንያት ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ ልዩ ፍርድ ቤት፣ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽንና በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ምሕረት ይኖራል ይላል። ቃሉ መልካም ነው። ነገር ግን ቅድመ ሁኔታውን የሚያስቀምጠው፣ ተሟልቷል አልተሟላም የሚለውስ ማነው? ያው የፍትሕ ሚኒስቴር ከሆነ የሠራነው የ1999ኙን ቦርድ በአዲስ ስም ነው። ምሕረት የሚጠይቅ ሰው ያደረገውን በአደባባይ ይናገር፤ የተጎዳው ቤተሰብ በችሎት ይሰማ፤ ውሳኔውን ከሥራ አስፈጻሚው ውጭ ያለ አካል ምክንያቱን ጽፎ ይስጥ። ከዚያ ውጭ ያለው ተራው ክስ ደግሞ፣ መንግሥት ማንሣት ከፈለገ፣ በዳኛ ፊት ምክንያቱን ተናግሮ ያንሣ፤ ያነሣውንም ክስ መልሶ እንዳይከፍት አንቀጽ 122 ይሻሻል። በይቅርታ ቦርድ ወንበር ላይ ከሳሹ አይቀመጥ።

የምዕራብ ሸዋ ተመራጮች በምክር ቤት መቀመጫ አላቸው። ፖሊሲውን የሚያስፈጽሙት ሕጎች ለውይይት ሲቀርቡላቸው እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት፣ ምሕረቱን የሚሰጠው አካል ሰብሳቢ በማን እንደሚሾምና በማን እንደሚሻር ይጠይቁልን። መልሱ በቃለ ጉባኤው ተጽፎ እንዲቀመጥም ያስመዝግቡ።